ክራር፣ በገና፣ መሲንቆ፦ ሙዚቀኞች ራሳቸው ያሳተሙትን አልበም ሐዋሳ ሆኖ ከየት ማግኘት ይሻላል?

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ። «የበገና አልበም ፈልግልኝ። ሙሉውን። ተቆራርጦ የተለጠፈ አልፈልግም» አለኝ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

በገና ጠፍቶ አይደለም። ሚኒባስ ውስጥ አለ፣ ካፌ ውስጥ አለ፣ የጎረቤቴ ስልክ ላይ አለ። የጠፋው ስሙ ነው። ማን ደረደረው? መቼ ተቀዳ? ሌላ ሥራ አለው? የትም አልተጻፈም። ስም ከሌለ ደግሞ ሁለተኛውን አልበም ማግኘት አይቻልም።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን መንገዶች አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው። «በግል የወጣ» ስል ትልቅ አሳታሚ ሳይዘው ሙዚቀኛው ራሱ ወይም በጣም ትንሽ አሳታሚ ያወጣውን ሥራ ማለቴ ነው። «አኩስቲክ» ስል ደግሞ ኪቦርድና የኮምፒውተር ከበሮ ያልሸፈነው፣ የመሣሪያው የራሱ ድምፅ የሚሰማበትን።

መጀመሪያ መመዘኛው

የቱ መተግበሪያ ይሻላል ብሎ መጀመር ያሳስታል። ምን እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ ወስኑ። እኔ የምመዝነው በነዚህ ነው።

የመጀመሪያው ስም ነው። መንገዱ የሙዚቀኛውን፣ የመሣሪያ ተጫዋቹን፣ የተቀዳበትን ዓመት ይነግረኛል? ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

ሁለተኛው ሙሉነት። አልበም ቅደም ተከተል አለው። በትዝታ ቅኝት ተጫውቶ ወደ ባቲ ቅኝት የሚሻገር ክራር ደርዳሪ አስቦበት ነው። ዘፈኖቹን በትነን ስንሰማ ያ ሐሳብ ይቀራል።

ሦስተኛው ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ ነው። በግሉ የሚያሳትም ሰው የስቱዲዮውን ከኪሱ ነው የከፈለው።

አራተኛው የእኛ ወጪ። ብር ብቻ አይደለም፤ ዳታም አለ፣ የመክፈያ ካርድም አለ።

አምስተኛው የድምፅ ጥራት። ይህ ለባህል መሣሪያ ቅንጦት አይደለም። በገና አሥር አውታር አለው። ያ የሚንዘረዘር ድምፁ የሚመጣው በአውታሩና በመቀመጫው መካከል ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዚራው ነው። ፋይሉ በጣም ከታመቀ ወይም በስልክ ስፒከር ብቻ ከሰማችሁት ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ጉምጉምታ ብቻ ይቀራል። መሲንቆም አንድ አውታር ብቻ ስላለው የሚደበቅበት የለውም። ሲታመቅ ይሻክራል።

የመጨረሻው፣ የማላውቀውን ያሳየኛል ወይ? የማውቀውን ብቻ መልሶ መላልሶ የሚሰጠኝ መንገድ ለፍለጋ አይሆንም።

በአካል ሄዶ መስማት

እዚህ ላይ ሐዋሳ የምንኖር ሰዎች ዕድለኞች ነን። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ሄዶ ቄጣላውን፣ የሕዝቡን የጋራ ዘፈንና ጭፈራ፣ የሰማ ሰው ያውቀዋል። የእግሩ ምት ደረት ድረስ ይገባል። በዓሉን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ቀኑን አያንቶዎች (የሲዳማ የዘመን ቆጠራ አዋቂዎች) ሰማዩን አይተው ስለሚወስኑት በየዓመቱ ይለያያል። እንግዳ ልትጋብዙ ካሰባችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ቄጣላ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ የሕዝብ ነው። ስለዚህ እዚህ «ስም» ማለት የሰው ስም ሳይሆን የአካባቢው ስም ነው። የትኛው ወረዳ፣ የእነማን ዜማ? አጠገባችሁ የቆሙትን አባት ጠይቁ። ደስ ብሏቸው ይነግሯችኋል።

ከበዓሉ ውጭ ደግሞ የባህል ምግብ ቤቶችና የሆቴሎች የባህል ምሽት አሉ። መሲንቆ የያዘ አዝማሪ ወደ ጠረጴዛችሁ ሲመጣ ግጥም ሰምታችሁ ግንባሩ ላይ ብር ለጥፋችሁ ብቻ አትመለሱ። ሲያርፍ ጠጋ በሉና፣ «ጋሼ፣ የተቀዳ ሥራ አለዎት? ቻናል አለዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ በዚህ መንገድ የትም ያልተለጠፈ ሙሉ ሥራ አግኝቻለሁ። ሰውየው ስልካቸው ላይ ይዘውት ነበር። በቴሌብር ከፈልኩ፣ ፋይሉን እዚያው ላኩልኝ። መሃል ላይ ማንም የለም። ከተመዘኑት መንገዶች ሁሉ ብሩ በሙሉ ለባለቤቱ የደረሰበት ይህ ብቻ ነው።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። በአንድ ምሽት አንድ ወይም ሁለት ሰው ትሰማላችሁ። ብዙ ጊዜ ድምፅ ማጉያው ከመጠን በላይ ይከፈታል፣ ኪቦርድም ይጨመርበታል። አልበም ያላቸውም ጥቂቶች ናቸው። አንድ አደራ አለኝ፦ ሳታስፈቅዱ ቀድታችሁ አትለጥፉ።

ፍላሽ ማስጫን

ካሴት ቤቱ ሲዘጋ ሲዲው መጣ፤ ሲዲው ሲያልፍ ፍላሽ መጣ። ዛሬ ሙዚቃ ቤት ስንል አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተር ይዞ ፍላሽ የሚጭን ልጅ ማለታችን ነው። ርካሽ ነው፣ ዳታ አይበላም፣ ለመኪና ይመቻል።

ለፍለጋ ግን አይሆንም። አንድ ጊዜ «የበገናና የክራር» ብዬ ፍላሽ አስሞላሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» እያለ ይወርዳል። አንድ ሦስተኛው ተደጋጋሚ ነበር። በጣም የወደድኩት አንድ ክራር ነበረበት። እስካሁን የማን እንደሆነ አላወቅኩም። ይቆጨኛል።

ለሙዚቀኛውም የሚደርሰው የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ፍላሹ ላይ ግን ማንም አያስታውሰው። አንድ ነገር ግን አይናቅ። አሮጌ ካሴትና ሲዲ ከነሽፋኑ ያስቀመጠ ቤት ካገኛችሁ ሽፋኑን በስልክ አንሱት። ያ ሽፋን ላይ ያለው ስም ከፋይሉ ይበልጣል።

ለምን እንደሚበልጥ ላስረዳ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮን የሚጫወትበትን አንድ ካሴት አወጣ። ከዚያ አሜሪካ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ለዓመታት ኖረ። ካሴቱን ያገኘ የአንድ ትንሽ አሳታሚ ባለቤት ስሙን ይዞ ፈልጎ ደወለለት። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራው እንደገና ታተመ፤ ሰውየውም ወደ መድረክ ተመለሰ። ካሴቱ ላይ ስም ባይኖር ኖሮ ማን ብሎ ይፈልገው ነበር?

ዩቲዩብ

ሁላችንም ያለነው እዚህ ነው። ክፍያ የለውም፣ በአማርኛ ይፈለጋል፣ የሌለ ነገር የለም። ችግሩ ያለው አጠቃቀማችን ላይ ነው። አንድ ዘፈን ከፍተን «ቀጣይ» የሚለውን ዝም ብለን ከተከተልን በሦስተኛው ላይ ሁላችንም የምናውቀው ዝነኛ ዘፈን ውስጥ እንገባለን።

እኔን የረዱኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው። «ክራር» ብቻ አትጻፉ። «ክራር ሙሉ አልበም»፣ «ክራር ብቻ»፣ «በገና መዝሙር ሙሉ» እያላችሁ ጻፉ። ቅኝቱን ጨምሩበት፦ አምባሰል፣ ባቲ፣ አንቺሆዬ። ከዚያ ተመልካች ያነሰውን ክፈቱ። አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በአንድ ማይክ የቀዳው ሥራ ብዙ ጊዜ እዚያ ታች ነው ያለው።

ሁለተኛ፣ ማን እንደለጠፈው እዩ። ከሙዚቀኛው ስም ቀጥሎ «ቶፒክ» የሚል ቻናል ካያችሁ፣ ያ አልበሙን ካከፋፈለው ድርጅት በቀጥታ የገባ ነው። ዘፈኖቹ በቅደም ተከተል አሉ፤ ከታች በማብራሪያው ላይ የአሳታሚውና አንዳንዴም የተጫዋቾቹ ስም ይኖራል። ሌላ ሰው ከካሴት ገልብጦ የለጠፈው ከሆነ ግን ገንዘቡም ስሙም የባለቤቱ አይደለም።

ሙዚቀኛው ከራሱ ቻናል ከማስታወቂያ ገቢ እንዲካፈል ቢያንስ 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት (ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የአጫጭር ቪዲዮ እይታ) ያስፈልገዋል። ስለዚህ የወደዳችሁትን ትንሽ ቻናል ተከተሉት። ለእናንተ አንድ ጠቅታ ነው፤ ለእሱ ከሺው አንዱ ናችሁ።

ለዳታ የምትሳሱ ከሆነ ምስሉን ወደ 144 ዝቅ አድርጉት። ክራር ሲደረደር ለመስማት ጥርት ያለ ምስል አያስፈልግም።

ቴሌግራም

አጭር ላድርገው። ለፍጥነት ጥሩ ነው፤ አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኔትወርክ ትሰሙታላችሁ። አብዛኛው ቻናል ግን የሌላ ሰው ሥራ የሚበትን ነው። ሙዚቀኛው ራሱ የከፈተው ቻናል ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ እዚያ ልምምድ፣ አዲስ ሥራ፣ የት እንደሚጫወት ሁሉ ይገኛል። ያን ዓይነቱን ብቻ ያዙ።

በወር ክፍያ የሚሰሙ መተግበሪያዎች

እንደ ሰዋስው ያሉ የአገር ውስጥ መተግበሪያዎች ትልቁ ጥቅማቸው ክፍያው በብር መሆኑ ነው። አልበሙም ሙሉ ሆኖ ይገኛል። ትኩረታቸው ግን ስመ ጥር ድምፃውያን ላይ ነው። በግሉ መሲንቆ ብቻ የቀዳ ሰው እዚያ ማግኘት ይከብዳል። ከመክፈላችሁ በፊት የምታውቁትን አንድ ትንሽ ሙዚቀኛ ስም ጽፋችሁ ፈልጉ። ካጣችሁት መልሱን አገኛችሁ።

ስፖቲፋይና መሰሎቹ ሰፊ ናቸው፤ ለመስማትም ምቹ። ለትንሽ ሙዚቀኛ ግን ያን ያህል አይደሉም። ስፖቲፋይ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ክፍያ አያገኝም የሚል ሕግ አለው። አንድ የበገና አልበም ላይ ካሉት ዘፈኖች ስንቱ ያን ይደርሳል? እኔ እነዚህን ለማጣሪያ እንጂ ለመግዣ አልጠቀምባቸውም። ሙዚቀኛው ስንት አልበም እንዳለው በአንድ ገጽ ስለሚያሳዩ ለዚያ ይጠቅማሉ።

ባንድካምፕ

ብዙ ሰው አያውቀውምና ትንሽ ላብራራ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረ፣ ሙዚቀኛው የራሱን ገጽ ከፍቶ አልበሙን በራሱ ዋጋ የሚሸጥበት ድረ ገጽ ነው። ከፋይል ሽያጭ ድርጅቱ የሚወስደው 15 በመቶ ነው። የ10 ዶላር አልበም ብትገዙ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለድርጅቱ፣ ትንሽ ለክፍያ ማስተላለፊያ፣ የቀረው ለሙዚቀኛው ወይም ለአሳታሚው ነው። በዓመት በተወሰኑ አርቦች ደግሞ ድርጅቱ የራሱን ድርሻ ይተዋል።

በእኔ መመዘኛ ከኢንተርኔቱ መንገዶች አንደኛ ነው። አልበሙ እንደ አልበም ይቀመጣል። ሽፋኑ አለ፣ የተጫዋቾቹ ስም አለ፣ ብዙ ጊዜም የት እንደተቀዳ ተጽፏል። ከመግዛታችሁ በፊት አብዛኛውን መስማት ትችላላችሁ። ስትገዙ ደግሞ ኤምፒስሪም ይሁን የድምፁን ጥራት ሳይቀንስ የሚያምቀውን ፍላክ መርጣችሁ ታወርዳላችሁ።

ለፍለጋም ጥሩ ነው። ሥራዎቹ በመሣሪያና በቦታ መለያ ተመድበዋል። የመሣሪያዎቻችንን ስም ግን በላቲን ፊደል መጻፍ አለባችሁ፤ አጻጻፉም አንድ አይደለም። መሲንቆን በኬ (k) ወይም በኪው (q)፣ በኢ (e) ወይም በኤ (a) የሚጽፉት አሉ። ሁሉንም ሞክሩ። እኔ በአንዱ አጻጻፍ ምንም አጥቼ በሌላው ገጽ ሙሉ አግኝቻለሁ። ሌላው መንገድ፣ የወደዳችሁትን አልበም የገዙ ሰዎች ከታች ይታያሉ። አንዱን ክፈቱና ሌላ ምን እንደገዛ እዩ። የሰው ጆሮ ከማሽን ግምት የተሻለ ይመራል።

ችግሩ ክፍያው ነው። በዶላር ነው፣ ዓለም አቀፍ ካርድ ይፈልጋል። አብዛኞቻችን የለንም። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው፣ ዋጋውን ለገዢው የተዉ አልበሞች አሉ፤ ዜሮ ጽፋችሁ ማውረድ የምትችሉባቸው። ሁለተኛው፣ ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ «በስጦታ ላክልኝ» በሉት። ገዝቶ በኢሜይላችሁ የሚልክበት ምርጫ ገጹ ላይ አለ። የአክስቴ ልጅ ለልደቴ ምን ልላክልህ ስትለኝ መልሴ አሁን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የአልበም ሊንክ እልክላታለሁ።

የቆዩ ቅጂዎችን የሚያሳትሙ

«በግል የወጣ» ከሚለው ትንሽ ወጣ ይላል፤ ግን ጆሮ የሚከፍት መንገድ ስለሆነ አልዘለውም። «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ የአልበም ስብስብ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው የጀመረው። ብዙዎች የሚያውቁት ለባንድ ሙዚቃው ነው። ውስጡ ግን ለእኛ ጉዳይ የሚሆኑ ቁጥሮች አሉ። ቁጥር 11 የዓለሙ አጋ በገና ነው። ቁጥር 16 አስናቀች ወርቁ ከነክራሯ ናት። ቁጥር 21 የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። ቁጥር 12 ደግሞ የኮንሶ ዜማዎች ናቸው፤ ደቡብ ላይ ለምንኖር ሰዎች ልዩ ስጦታ።

እማሆይ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ያስቀዱት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመን አገር ነበር፤ ገቢውም ለበጎ አድራጎት ነበር። በግል ማሳተም አዲስ ነገር አይደለም።

የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ተቋም የሙዚቃ አሳታሚ፣ ስሚዝሶኒያን ፎክዌይስም አለ። ሃሮልድ ኩርላንደር የቀዳውና እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣ የኢትዮጵያ የሕዝብ ሙዚቃ አልበም እዚያ ይገኛል። ባትገዙ እንኳ ከአልበሙ ጋር የታተመው ማብራሪያ ጽሑፍ በነፃ ይወርዳል። ስለ መሣሪያዎቹ ለሚያጠና ሰው ያ ጽሑፍ ብቻ ይበቃል።

ስም ብቻ ይዛችሁ ለምትፈልጉ ደግሞ ዲስኮግስ የሚባል የመረጃ ቋት አለ። ሸክላና ካሴት ከነሽፋኑ ፎቶ፣ ከነተጫዋቾቹ ስም ተመዝግቦበታል። ማየት በነፃ ነው።

በአንድ እይታ

| መንገድ | ስም ይነግራል? | ሙሉ አልበም? | ለሙዚቀኛው ይደርሳል? | የእናንተ ወጪ | አዲስ ያሳያል? |
|---|---|---|---|---|---|
| በአካል መስማት | ከጠየቃችሁ አዎ | አልፎ አልፎ | ሙሉ በሙሉ | የምሽቱ ወጪ | በጣም |
| ፍላሽ | የለም | የለም | የለም | በጣም ትንሽ | በዕድል |
| ዩቲዩብ | በለጣፊው ይወሰናል | ከፈለጋችሁ | ትንሽ | ዳታ | ካወቃችሁበት አዎ |
| ቴሌግራም | አልፎ አልፎ | አንዳንዴ | የራሱ ቻናል ካልሆነ የለም | ዳታ | ትንሽ |
| የወር ክፍያ መተግበሪያ | በከፊል | አዎ | ትንሽ | ወርሃዊ ክፍያና ዳታ | መካከለኛ |
| ባንድካምፕ | አዎ | አዎ | አብዛኛው | ከዜሮ ጀምሮ፤ ዓለም አቀፍ ካርድ | በጣም |
| የቆዩ ቅጂዎች | በጣም ጥሩ | አዎ | እንደ ውላቸው | በዶላር | ለታሪክ |

ስለ ዳታው ለማስላት እንዲመቻችሁ፦ የ40 ደቂቃ አልበም በሰከንድ 128 ኪሎቢት ጥራት ወደ 40 ሜጋ ይሆናል። በ320 ወደ 100 ሜጋ። በፍላክ ከ200 ሜጋ በላይ ይሄዳል። ለስልክና ለተራ ኢርፎን 320 ይበቃል። ጥሩ ስፒከር ያለው ሰው በገናን በፍላክ ይስማው፤ ልዩነቱ ይሰማል።

ለማን የቱ?

ተማሪ ከሆናችሁና ኪሳችሁ ባዶ ከሆነ ዩቲዩብን ከላይ ባልኩት መንገድ ተጠቀሙ። የግቢ ዋይፋይ ስታገኙ ባንድካምፕ ላይ በነፃ የተተዉትን አልበሞች አውርዱ። ለአንድ ወር ፍለጋ ምንም ብር አያስፈልግም።

በወር ጥቂት መቶ ብር ማውጣት ለምትችሉ፣ እኔ ብሆን መተግበሪያ ላይ አላውለውም። በወር አንድ ምሽት የባህል ምግብ ቤት ሄጄ ከሙዚቀኛው በቀጥታ እገዛለሁ።

ካፌ ወይም እንግዳ ማረፊያ ያላችሁ፣ በተለይ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ፣ ፍላሹን ተዉት። እንግዳ «ይህ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ይኑራችሁ። አሥር አልበም በስም ገዝታችሁ፣ ሽፋናቸውን አትማችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። በይፋ ለማጫወት የባለመብቱ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ስትገዙ ሙዚቀኛውን አብራችሁ ጠይቁት።

መሣሪያ ለምትማሩ፣ የቆዩ ቅጂዎች ይቅደሙ። የዓለሙ አጋን እጅ ሳትሰሙ ወደ አዲሶቹ አትሂዱ። ከዚያ በአካል ወደሚጫወቱት ሂዱ፤ ጣት እንዴት እንደሚያርፍ ፋይል አያሳይም።

ለእናት ለአባታችሁ የምትፈልጉ ከሆነ የድሮውን ካሴት ሽፋን አምጡላቸው፤ ስሙን ራሳቸው ያነቡላችኋል። እኔም ለዚያ ጓደኛዬ በመጨረሻ የላክሁለት አልበም ስሙ የተገኘው በእናቱ ሳጥን ውስጥ ከነበረ ካሴት ላይ ነው።